ማሰሮ ምድር አይደለም፦ የውጭ የተክል ማሰሮዎችን በበረዶ ወራት ስለ ማስጌጥና ስለ መጠበቅ

(የሕዝባዊ ትምህርታዊ ንግግር ግልባጭ)



የዛሬው ርእስ ለአንዳንዶቻችሁ እንግዳ ሳይሆንባችሁ አይቀርም። በእኛ አገር ክረምት የልምላሜ ጊዜ ነው። በጥንቱ የወቅት አከፋፈላችን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 የሚዘልቀው ክረምት ዝናብ የሚወርድበት፣ ወንዝ የሚሞላበት፣ ዘር የሚበቅልበት ወቅት ነው። በሰሜኑ የዓለም ክፍል የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን በዚያው «ክረምት» በሚለው ቃል የሚጠሩት ሌላ ወቅት አለ። በዚያ ወቅት ቀኑ ያጥራል፤ ውኃው ይረጋል፤ ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ይተኛል። አንዱ ቃል ሁለት ተቃራኒ ወቅቶችን ስለሚሸከም፣ እንዳንደናገር ያንን የሰሜኑን ወቅት በዚህ ንግግር «የበረዶ ወራት» እያልሁ እጠራዋለሁ።

ርእሱን የመረጥሁት በውጭ አገር ከሚኖሩ ወዳጅ ዘመዶች ዘንድ ደጋግሞ በሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ ምክንያት ነው። ጥያቄው በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። በሚኒያፖሊስ ወይም በፍራንክፈርት የምትኖር አንዲት እናት በበረንዳዋ ላይ በማሰሮ ጤና አዳም ታበቅላለች። በሙቀቱ ወራት ቡና ባፈላች ቁጥር ከበረንዳዋ ቀንጥሳ ሲኒው ላይ ጣል ታደርጋለች። ከዚያም አንድ ማለዳ ስትነሣ ተክሏ ጠቁሮና ተኮራምቶ ታገኘዋለች። ቀና ብላ ወደ ጎረቤቷ ደጃፍ ብትመለከት ግን በዚያው ብርድ፣ በዚያው በረዶ ውስጥ አረንጓዴ ቅርንጫፍና ቀይ ፍሬ የሞላበት ማሰሮ እንደ አማረበት ቆሟል። «የእርሷ እንዴት ኖረ? እኔ ምን አጠፋሁ?» ትላለች።

መልሱ የሚያስገርም ነው። የጎረቤቷ ማሰሮ ውስጥ ያለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ አልኖረም። ሥር የሌለው፣ ተቆርጦ የተተከለ ቅርንጫፍ ነው። ያች እናትም ያጠፋችው ነገር ቢኖር ማሰሮዋን እንደ ምድር መቍጠሯ ብቻ ነው። የዛሬው ንግግር ዋና ሐሳብ ይኸው ነው፤ ማሰሮ ምድር አይደለም። ይህን የተረዳ ሰው በበረዶ ወራት ምን እንደሚያድን፣ ምን እንደሚተው፣ ምንስ እንደሚያስጌጥ ያውቃል።

ማሰሮ ከምድር በምን ይለያል?

ምድር ትልቅ የሙቀት ጎተራ ናት። በሙቀቱ ወራት ከፀሐይ ያገኘችውን ሙቀት ወደ ውስጥ ታከማቻለች፤ በብርዱ ወራት ቀስ በቀስ ወደ ላይ ትመልሰዋለች። በላይዋ በረዶ ሲከመርባት ደግሞ፣ በቅንጣቶቹ መካከል የታፈነው አየር ብርድ ልብስ ይሆንላታል። ስለዚህ አየሩ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሆንበት ሌሊት እንኳ፣ በበረዶ በተሸፈነ መሬት ውስጥ ያለ ሥር ከዜሮ ብዙም ባልራቀ ሙቀት ውስጥ ሊቆይ ይችላል።

ማሰሮ ግን ከዚህ ጎተራ ተነጥሎ የቆመ ጥቂት አፈር ነው። ብርዱ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከአራቱም ጎንና ከታችም ያገኘዋል፤ ነፋሱም የቀረውን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በትንሽ ማሰሮ ውስጥ ያለ አፈር ብዙ ሳይቆይ የአየሩን ቅዝቃዜ ይከተላል።

በዚህ ረገድ የማሰሮው መጠን ከፍ ያለ ድርሻ አለው። የአንድን ማሰሮ ቁመትና ስፋት እጥፍ ብናደርገው የሚይዘው አፈር ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ሙቀት የሚያመልጥበት ገጽ ግን አራት እጥፍ ብቻ ይሆናል። በርሜል የሚያህለው ማሰሮ ከቅል ከሚያንሰው ይልቅ ብርድን ቀስ ብሎ የሚቀበለው ስለዚህ ነው።

እርጥበትም እንዲሁ ወሳኝ ነው። ውኃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በውስጡ የያዘውን ሙቀት ይለቃል። አንድ ኪሎ ውኃ በሚረጋበት ጊዜ የሚለቀው ሙቀት ያንኑ ያህል ውኃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማሞቅ ከሚያስፈልገው ጋር የሚተካከል ነው። ርጥብ አፈር ከደረቅ አፈር ይልቅ ብርድን የሚቋቋመው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙ ሰው ግን «ብርድ ሲመጣ ውኃ ያጎድላል» ብሎ ማሰሮውን ያደርቃል።

የአሜሪካ የግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 የተክሎችን ብርድ የመቋቋም ችሎታ የሚያሳይ ካርታ አውጥቷል። የመጨረሻው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። ካርታው አገሪቱን በ13 ዞኖች ይከፍላል፤ መለኪያው በየዓመቱ የሚመዘገበው ዝቅተኛው የአየር ሙቀት አማካይ ነው። ቍጥሩ ባነሰ መጠን ብርዱ ይበረታል። ለምሳሌ በዞን 5 አማካዩ ዝቅተኛ ሙቀት ከዜሮ በታች ከ23 እስከ 29 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ በዞን 8 ከዜሮ በታች ከ7 እስከ 12 ዲግሪ ገደማ ነው። በችግኝ መሸጫዎች የሚገኙ ተክሎች በመለያ ወረቀታቸው ላይ ይህ የዞን ቍጥር ይጻፍባቸዋል።

ነገር ግን በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ቍጥር የሚያገለግለው መሬት ውስጥ ለተተከለ ተክል ነው። በማሰሮ ለሚተከል ተክል የአትክልት ባለሙያዎች የሚመክሩት ከነዋሪው ዞን በሁለት ደረጃ የሚበልጥ ብርድ የሚችል እንዲሆን ነው። በዞን 5 የሚኖር ሰው በማሰሮ ውጭ የሚያሳድረው ተክል ዞን 3ን የሚችል ይሁን ማለት ነው።

ከቅጠል በፊት ሥር ይሞታል

ብርድ ባለባቸው አገሮች የሚበቅሉ ተክሎች ቀኑ ሲያጥርና ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ለሚመጣው ወራት ይዘጋጃሉ። በሕዋሶቻቸው ውስጥ ስኳርን ያከማቻሉ፤ የሕዋሱን ሽፋን ጠባይ ይለውጣሉ። ብርዱ ሲጠና በረዶው በሕዋሶቹ መካከል ባለው ክፍተት ይሠራል እንጂ ወደ ሕዋሱ ውስጥ አይገባም። በረዶው ግን ከሕዋሱ ውስጥ ውኃ ይስባል። ተክሉ ያልተዘጋጀ ከሆነ፣ ወይም ብርዱ ከመጠን ካለፈ፣ ሕዋሱ በድርቀት ይጎዳል፤ ወይም በረዶው ወደ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ያጠፋዋል።

ሥር ግን እንደ ቅርንጫፍ አይዘጋጅም። ሥር በተፈጥሮው የሚኖረው በዚያ የሙቀት ጎተራ ውስጥ ስለሆነ፣ ብርቱ ብርድን የመቻል ዐቅም አላዳበረም። ቅርንጫፋቸው ከዜሮ በታች 25 ዲግሪን የሚችል ብዙ የጌጥ ቍጥቋጦዎች አሉ፤ የእነዚሁ ወጣት ሥሮች ግን ከዜሮ በታች ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ብርድ ሊሞቱ ይችላሉ።

ይህ ሞት ደግሞ ድብቅ ነው። ዘወትር አረንጓዴ የሆነ ቍጥቋጦ ሥሩ በጥር ሞቶ ቅጠሉ እስከ ሚያዝያ አረንጓዴ ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ብርዱ ሲያልፍና ቅጠሉ ውኃ ሲፈልግ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠወልጋል። ባለቤቱም «ብርዱን አልፎ በሙቀት ሞተብኝ» ይላል፤ ሞቱ ግን የቆየ ነው።

ሁለተኛው ድብቅ ጠላት ጥም ነው። በበረዶ ወራትም ፀሐይና ነፋስ ከአረንጓዴ ቅጠል እርጥበት መውሰዳቸውን አያቋርጡም። በማሰሮው ውስጥ ያለው ውኃ ከረጋ ሥሩ አንድ ጠብታ እንኳ ሊስብ አይችልም። ተክሉ ውኃ ከቦት በውኃ ጥም ይሞታል። ስለዚህ አፈሩ ከመርጋቱ በፊት በደንብ ማጠጣት፣ በመካከል ቀለጥ ሲልም መልሶ ማጠጣት ያስፈልጋል።

የሚሰነጠቀው ማሰሮ

ከተክሉ በፊት ማሰሮው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ውኃ ሲረጋ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሳይለበጥ የተተኰሰ የሸክላ ማሰሮ በግድግዳው ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውኃ ይጠጣል፤ ያ ውኃ ረግቶ ሲሰፋ ሸክላው ይፈረፈራል ወይም ይሰነጠቃል። አፉ የጠበበ ማሰሮም እንዲሁ ነው፤ አፈሩ ረግቶ ሲያብጥ ወደ ላይ የሚሸሽበት መንገድ ስለሌለው ግድግዳውን ይገፋል።

በበረዶ ወራት ውጭ ለሚያድር ማሰሮ ወፍራም ፕላስቲክ፣ ፋይበርግላስ፣ እንጨት ወይም ብረት ይመረጣል። አፉ ከታቹ የሰፋ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። ከሥሩ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይኑረው፤ ከመሬትም በትናንሽ ጡቦች ከፍ ይበል፤ የውኃ መቀበያ ሳሕኑም ይነሣለት። የሸክላ ማሰሮ ያለው ሰው አፈሩን ገልብጦ፣ ማሰሮውን አድርቆ፣ ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ደፍቶ ቢያኖረው ለሚመጣው ዓመት ያገኘዋል።

እንግዲህ ይህን ካወቅን በኋላ በፊታችን ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው መንገድ፦ ወደ ቤት ማስገባት

ለእኛ ተክሎች የሚሆነው ይህ መንገድ ነው። ሁሉም ግን እኩል አይደሉም። በሶብላ ከሁሉ ይልቅ ብርድ ይፈራል፤ ገና 10 ዲግሪ ሳይሞላ ቅጠሉ ይጠቁራል። የአንድ ዓመት ተክል ስለሆነ ዘሩን ሰብስቦ ማስቀመጥ ይበቃል። ኮሰረት የሞቃት አገር ተክል ነውና ውርጭ ሳይነካው ይግባ። የጥብስ ቅጠል ቀላል ውርጭን ይችላል፤ የሚኒያፖሊስን ብርድ ግን አይችልም።

ጤና አዳምን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። በአገራችን የምናውቀው ጤና አዳም ሩታ ካሌፔንሲስ የሚባለው ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ ችግኝ መሸጫዎች በብዛት የሚገኘው ደግሞ የቅርብ ዘመዱ ሩታ ግራቬኦሌንስ ነው። ይህ ዘመዱ ከእኛው ይልቅ ብርድን ይችላል። ስለዚህ «የጓደኛዬ ውጭ አድሮ አልሞተም፤ የእኔ ለምን ሞተ?» የምትል እናት ምናልባት የያዘችው ሌላ ተክል ሊሆን ይችላል።

ተክሉ የሚገባው ሌሊቱ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው እንጂ ውርጭ ከመታው በኋላ አይደለም። ከመግባቱ በፊት የቅጠሉ ጀርባ ይመርመር፤ ክሽክሽና ነጭ ዝንብ አብረው ይገባሉና። ቤት ውስጥ ከገባ በኋላ የሚገድለው ብርድ ሳይሆን የብርሃን ማነስ፣ የማሞቂያው ደረቅ አየርና ከመጠን ያለፈ ውኃ ነው። የጥብስ ቅጠልና ጤና አዳም የሚወዱት ብርሃን የሞላበት፣ ቀዝቀዝ ያለ መስኮት ነው። አፈሩ ከላይ ሲደርቅ ብቻ ይጠጡ።

ሁለተኛው መንገድ፦ ብርድ የሚችለውን መምረጥ

ሕያው ተክል ውጭ እንዲያድር የሚፈልግ ሰው ምርጫውን እንደ አገሩ ያድርግ። በዋሽንግተን ዲሲ፣ ዞን 7 እና 8 በሚገናኙበት አካባቢ፣ ፓንዚ የሚባለው አበባ ብርዱ ጋብ ባለ ቍጥር ያብባል። የጌጥ ጎመን ደግሞ ብርድ ሲነካው ነጩና ወይን ጠጁ ቀለሙ ይደምቃል። እነዚህ ሁለቱ በሚኒያፖሊስ መኸሩን ያሳምራሉ እንጂ የበረዶውን ወራት አይሻገሩም።

በጀርመን አገር በመኸርና በበረዶ ወራት ማሰሮዎችን የሚሞላው ኤሪካ የሚባለው ቍጥቋጦ ነው። ይህን ቤተሰብ እናውቀዋለን። በሰሜንና በባሌ ተራሮች የሚበቅለው አስታ ኤሪካ አርቦሪያ ነውና የእርሱ ዘመድ ነው። በማሰሮ ከሚሸጡት መካከል ግን ሁለቱን መለየት ይገባል። ኤሪካ ካርኔያ የአልፕስ ተራሮች ተወላጅ ስለሆነ በበረዶ ውስጥ ያብባል። ኤሪካ ግራሲሊስ ደግሞ የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ ነው፤ ውርጭ ይገድለዋል። ከሞተ በኋላ ግን የአበቦቹ ቀለም ለረጅም ጊዜ ስለማይለቅ ሕያው ይመስላል። ገዢው ይህን አውቆ ከገዛው ጉዳት የለውም፤ ሳያውቅ ከገዛው ግን ለሚመጣው ዓመት ብሎ በከንቱ ያጠጣዋል።

ሕያው ተክል የያዘን ማሰሮ ለመጠበቅ ማሰሮዎቹን ከነፋስ ከልሎ፣ ከቤቱ ግድግዳ አስጠግቶ፣ አንዱን ከአንዱ አያይዞ ማስቀመጥ ይጠቅማል። ቦታ ያለው ሰው ማሰሮውን እስከ አንገቱ መሬት ውስጥ ቢቀብረው ወደ ጎተራው መለሰው ማለት ነው። በጆንያ ወይም በገለባ መጠቅለልም ይቻላል። ነገር ግን መጠቅለያ ሙቀት አይወልድም። ጋቢ የሚያሞቀን የገላችንን ሙቀት ስለሚይዝልን ነው፤ ማሰሮ ግን የራሱ ሙቀት የለውም። መጠቅለያው የአንድ ሌሊትን ብርድ ያዘገያል፤ ለሳምንታት የሚዘልቀውን ግን አያስቀረውም።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሥር የሌለው ጌጥ

ብርዱ እጅግ በሚጠናበት አገር፣ ለምሳሌ በሚኒሶታ፣ ሰዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚመርጡት ይህን መንገድ ነው። በማሰሮው ውስጥ ሕያው ተክል ለማኖር ከመታገል ይልቅ የተቆረጡ ቅርንጫፎችን በአፈሩ ውስጥ ያቆማሉ። ይህ ዘዴ ብርዱን ጠላት ከማድረግ ይልቅ ረዳት ያደርገዋል። አፈሩ ሲረጋ ቅርንጫፎቹን እንደ ሲሚንቶ ይይዛቸዋል፤ የቀዘቀዘው አየርም እርጥበታቸው ቶሎ እንዳያልቅ ይጠብቃቸዋል። ሞቃት ቤት ውስጥ ቢገባ በጥቂት ጊዜ መርፌ ቅጠሉን የሚያራግፍ የስፕሩስ ቅርንጫፍ ውጭ ለወራት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ስለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ያለፈው ወቅት ተክል ይነቀላል፤ አፈሩ ግን አይጣልም። የጎደለው ተሞልቶ በእጅ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል። ይህ ሥራ አፈሩ ከመርጋቱ በፊት መፈጸም አለበት፤ በሚኒያፖሊስ እስከ ኖቬምበር አጋማሽ ድረስ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ቅርንጫፍ ለመትከል መዶሻና መሰርሰሪያ ያስፈልጋል።

ቀጥሎ በመካከል ረጅሙ ይቆማል፤ ይህም የስፕሩስ ጫፍ ወይም ነጭ ቅርፊት ያለው የበርች ግንድ ሊሆን ይችላል። ከማሰሮው ቁመት አንድ ተኩል ያህል ቢረዝም ለዓይን ይመጣጠናል። ከዚያ በዙሪያው ግንዳቸው ቀይ የሆነ የዶግውድ ቅርንጫፎች ይገባሉ። በመጨረሻም በጠርዙ ላይ ወደ ታች የሚዘነበሉ የፓይንና የቱያ ቅርንጫፎች ይደረጋሉ። የእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ጫፍ አግድም ሳይሆን ሰያፍ ይቆረጥ፤ ታችኛው ቅጠሉ ይገፈፍ፤ አንድ ስንዝር ያህል ወደ አፈሩ ይግባ። ሁሉም ከተተከለ በኋላ ማሰሮው በደንብ ይጠጣ። ውኃው ለቅርንጫፎቹ እንደ መጠጥም እንደ ማጣበቂያም ያገለግላል።

ቀለምን በተመለከተ፣ በበረዶ ወራት ዙሪያው ነጭና ግራጫ ስለሆነ ጥቂት ቀይ ብዙ ይናገራል። ለዚህ የሚመረጠው ዊንተርቤሪ የሚባለው ቍጥቋጦ ነው፤ ቅጠሉን ያራግፋል፤ ቀዩ ፍሬ ግን በባዶ ቅርንጫፉ ላይ ይቀራል። ወንዴና ሴቴው የተለያዩ ተክሎች ስለሆኑ ፍሬ የሚገኘው ከሴቴው ነው። የደረቁ የአበባ ራሶችና የፓይን ኮኖችም ይጨመራሉ። ሰው በዚያ ብርድ ጌጡን የሚያየው በአብዛኛው ከመስኮት ውስጥ ሆኖ ስለሆነ፣ ማሰሮው ከደጅ ይልቅ ከመስኮቱ አንጻር እንዲያምር ሆኖ ይቀመጥ።

ጌጥና ጥበቃ በአንድ ላይ የተዋሐዱበትን ምሳሌ በጀርመን አገር እናገኛለን። በዚያ አገር መቃብር እንደ ትንሽ የአትክልት ቦታ ይተከላል። በኖቬምበር ወር፣ ሙታን በሚታሰቡባቸው ቀናት ሰሞን፣ ቤተሰቦች መቃብሩን በፈር ቅርንጫፎች ይሸፍናሉ። ቅርንጫፎቹ በሥርዓት ተደርድረው ጌጥ ይሆናሉ፤ ከሥራቸው ያሉትንም ሕያዋን ተክሎች ከፀሐይና ከነፋስ ይከልላሉ። በማሰሮም ይህንኑ ማድረግ ይቻላል። መካከሉ ላይ ብርድ የሚችል ተክል ካለ፣ በዙሪያው የሚደረደረው ቅርንጫፍ አፈሩንም ይሸፍናል፤ ዓይንንም ያስደስታል።

ሊዘነጉ የማይገባቸው ጥንቃቄዎች

አንደኛ፣ ታክሰስ የሚባለው መርፌ ቅጠል ያለው ቍጥቋጦ መርዛማ ነው። ከቀዩ ሥጋው በቀር ቅጠሉም ዘሩም ሰውንና ከብትን ይገድላል። የዊንተርቤሪና የዘመዶቹ ፍሬም ሲበላ ያስመልሳል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ቀይ ፍሬ ከእጃቸው ይራቅ።

ሁለተኛ፣ የመብራት ገመድ የሚጨምር ሰው ለውጭ አገልግሎት የተሠራውን ይምረጥ። ብርዱ ሲያበቃና ቅርንጫፉ ሲደርቅ መብራቱ ይነሣ፤ ደረቅ መርፌ ቅጠል በቀላሉ እሳት ይይዛል።

ሦስተኛ፣ በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሥርን ያቃጥላል። ማሰሮው ከመንገዱ ዳር ፈቀቅ ይበል።

አራተኛ፣ ቅርንጫፉ ከየት እንደ መጣ ይታወቅ። በሚኒሶታ ከሕዝብ ደን የጌጥ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ፈቃድ ያስፈልጋል። ከሩቅ በመጣ ቅርንጫፍ ላይ ተባይ ተደብቆ ሊጓዝም ስለሚችል፣ ወቅቱ ሲያልፍ ጫካ ዳር መጣል አይገባም፤ ከተማው በሚያዘው መንገድ ይወገድ።

ወደ አገራችን ስንመለስ

በደብረ ብርሃንና በመሰሉ ደጋ ከተሞች የምትኖሩ «ብርድስ እኛም አለን» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የእኛ ብርድ ጠባዩ ሌላ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ባለ ሌሊት፣ ነፋስም ጸጥ ሲል፣ መሬትና ቅጠል ሙቀታቸውን ወደ ባዶው ሰማይ ይለቃሉ፤ ወደ ንጋት ላይ ውርጭ ይወርዳል። ፀሐይ ስትወጣ ግን ይሞቃል። ብርዱ የሰዓታት እንጂ የወራት ስላልሆነ ወደ ሥሩ አይደርስም፤ የሚጎዳው ሰማይን የሚያየውን ቅጠል ነው።

ስለዚህ መድኀኒቱም ይገለበጣል። በደብረ ብርሃን ማሰሮውን ከጣሪያ ክፈፍ ወይም ከዛፍ ሥር ማድረግ፣ ወይም ማታ ስስ ጨርቅ አልብሶ ጠዋት መግፈፍ ይበቃል። ባጭሩ በደብረ ብርሃን ቅጠሉን ሸፍኑ፤ በሚኒያፖሊስ ሥሩን ጠብቁ። ከአገር ቤት የሄደ ሰው በማሰሮው ላይ ጨርቅ አልብሶ «እናቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» ቢል እናቱ አልተሳሳተችም፤ ብርዱ ግን ሌላ ብርድ ነው።

ከተሰብሳቢዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ከተቆረጠ ቅርንጫፍ ይልቅ የፕላስቲክ ቅርንጫፍ አይሻልም? ዛፍም አይቆረጥም።

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። የፕላስቲኩ ቅርንጫፍ ለብዙ ዓመታት ካገለገለ የሚያስነቅፍ አይደለም። ሲጣል ግን አይበሰብስም። በሥርዓት የሚቆረጥ ቅርንጫፍ ደግሞ የግድ ዛፉን አይገድልም፤ የዶግውድ ቍጥቋጦ እንዲያውም አሮጌው ግንድ ሲቆረጥለት አዲሱ ይበልጥ ይቀላል። ደጃፉ ላይ ዛፍ ያለው ሰው ከሚገርዘው ላይ ቢጠቀም ከሁሉ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ውርጭ የመታው ጤና አዳም ሊድን ይችላል?

መልስ፦ ቸኩላችሁ አትንቀሉት። ቅጠሉ ጠቁሮ ሥሩና የግንዱ ታች ሕያው ሊሆን ይችላል። ግንዱን በጥፍር ጫር አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ካያችሁ ሕይወት አለ። ቀዝቃዛ ግን ውኃው ወደማይረጋበት፣ ብርሃን ወዳለበት ቦታ አስገቡት፤ ውኃ አታብዙበት፤ የሞተውን ክፍል ቍረጡለት። ቡናማና ደረቅ ሆኖ ካገኛችሁት ግን አታልቅሱለት፤ ለሚመጣው ዓመት ከአሁኑ ቁራጭ ወይም ዘር ፈልጉ። በባዶው ማሰሮ ላይም ጥቂት አረንጓዴ ቅርንጫፍ አቁሙበት፤ አፈሩ እስኪቀልጥ ድረስ ቦታውን ይጠብቅላችኋል።